ከአባ ራስ የሚወጣው

ሰኞ፣ ሁዳዴ የተያዘ ዕለት

ሲስተር፣ ይሄን ጊዜስ እመኚኝ። ትናንት በዋለችው በኪዳነ ምሕረት ይዤሻለሁ፣ እመኚኝ። ያለፈው ጊዜ ተሳስቻለሁ፣ አዎ። የዛሬው ግን ስህተት አይደለም፣ በዓይኔ አይቻለሁ፣ አክስቴም አይታለች።

ጠዋት አባቴ ጋቢያቸውን ሲደርቡ ግራ እጃቸው ዘለለ። እጁ ብቻውን ነው የዘለለው፣ እሳቸው ቁጭ እንዳሉ ናቸው። መስቀሉን ጣለው። ከዚያ አፋቸው ወደ አንድ ጎን ሄደ። «አባ! አባ!» ስላቸው ያዩኛል ግን አይመልሱም። ቁጠሪ ብለሽኝ ስለነበር ቆጠርኩ፣ አርባ ላይ ተመለሱ። «ምን ታፈጪያለሽ?» አሉኝ። መስቀሉን ራሳቸው አንስተው፣ ተሳልመው ቤተ ክርስቲያን ሄዱ።

አራት ጊዜ ደወልኩ፣ አታነሺም። ኔትወርክ ደግሞ ከቤታችን በላይ ካለው ትልቅ ድንጋይ ላይ ካልወጡ የለም፣ ስትደውዪም ላላገኝሽ እችላለሁ። ስለዚህ ከተማ ሆስፒታል ስንመጣ ጻፊበት ብለሽ በሰጠሽኝ ደብተር ላይ ሁሉን እጽፋለሁ፣ ስንገናኝ ሳልረሳ አነብልሻለሁ። ጽሕፈቴ አያምርም፣ ከአምስተኛ ክፍል ነው ያቋረጥኩት።

ያዘዝሽኝ ይሄ ነው፦
ትኩሳት፦ 37 ነጥብ 8
ምግብ፦ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ቂጣ በተልባ፣ ግማሹን ተዉት
የጠዋት ኪኒን፦ አልዋጡም
የማታ ኪኒን፦ ዋጡ
ራስ ምታት፦ «የለም» ይላሉ። ግንባራቸውን ግን ይይዛሉ

እንዳያንቀጠቅጣቸው የታዘዘውን የጠዋት ኪኒን ያልዋጡት በጾሙ ነው። በሁዳዴ በየቀኑ ቅዳሴ አለ፣ የሚቀድስ ቄስ ደግሞ ውሃም አይቀምስም። «አባ፣ ኪኒን እኮ ምግብ አይደለም» አልኳቸው። «በምን ልውጠው ታዲያ፣ በምራቄ?» አሉኝ።

ያለፈውን ነገር አውቃለሁ፣ እሱን እያሰብሽ ነው የማታነሺው። ለአስተርዮ ማርያም ሌሊቱን ማኅሌት ቆመው አድረው መጡና ጋደም አሉ። ብጠራቸው፣ ብነቀንቃቸው አይሰሙም። ከጭንቅላታቸው ቀዶ ጥገና ገና ወር አልሞላቸውም ነበርና ሞቱ ብዬ ደወልኩልሽ። የአምቡላንሱ ሰዎች መኪናውን ድልድዩ ላይ ትተው ያን ሁሉ አቀበት በእግር ወጥተው ሲደርሱ አባ በር ላይ ቆመው «እንኳን ደህና መጣችሁ» አሏቸው። ሾፌሩ «ሬሳ አለ ተብለን መጣን፣ ሬሳው ሊባርከን ወጣ!» አለ። ሰው ሁሉ ሳቀብኝ። እስካሁንም ውሃ ስቀዳ «ብርቄ፣ ዛሬስ ማን ሞተ?» ይሉኛል።

ይሳቁ። እጁ ግን ዘሏል።

ማክሰኞ

አሁንም አላነሳሽም።

ዛሬ ሌላ ነገር አገኘሁ። ክፉ ይሁን ደግ አላወቅኩም፣ ደግ ይመስለኛል።

አባ ጥምጣማቸውን ለማንም አያስነኩም፣ የሚያጥቡትም ራሳቸው ናቸው። ከቅዳሴ መጥተው እንቅልፍ ሲወስዳቸው፣ ላጥብላቸው ብዬ ከራስጌያቸው አነሳሁት። ስፈታው ከውስጥ በኩል ቢጫ ነው። አንድ ቦታ ብቻ አይደለም፣ እርጥቡ በደረቁ ላይ ተደራርቧል። ሸተተኝ። ዞሬ ሳይ አባ ነቅተው ያዩኛል።

«በሩን ዝጊው» አሉኝ።

ዘጋሁ። አጎንብሰው አሳዩኝ። ከቀኝ ጆሯቸው በላይ፣ የተሰፋው ጠባሳ ጫፍ ላይ የምስር ፍሬ የምታህል ቀዳዳ አለች። እሷ ናት የምታፈሰው።

«ለማንም አትንገሪ። እየወጡ ነው» አሉኝ።

ማን እንደሚወጣ ገባኝ። ዶክተሩ የነገረንን አንቺም ታውቂዋለሽ፣ እኔ እንዴት እንደሰማሁት ልጻፈው። ለገና እዚህ አገሩ በእንግዳ ሲሞላ እኛ አዲስ አበባ ሆስፒታል ነበርን። አባ ከቀሰሱ ጀምሮ ገና ከላሊበላ ውጭ ሲውሉ የመጀመሪያቸው ነው። ከጭንቅላታቸው እጢውን አወጡ፣ ሁሉንም አይደለም፣ መውጣት የሚችለውን። ከዚያ አንድ ወጣት ዶክተር መጥቶ ምራቃቸውን በብልቃጥ ወሰደ፣ ድዳቸውንም በጥጥ ጠረገ። ከሳምንት በኋላ ጠራን። «ከእጢው ላይ ቆርጠን በመሣሪያ ስናየው ባክቴሪያ አለበት» አለን። «እጢው ውስጥ ገብተው ተቀምጠዋል። ከአፍ ሳይመጡ አልቀሩም። እጢውን እነሱ ያምጡት፣ ወይስ እጢው ከመጣ በኋላ ይግቡ፣ እኛም ገና እያጠናን ነው።»

አባ ሳቁ። «ጭንቅላቴ ውስጥ ሳላውቅ ማኅበር ጠጡብኝ በለኛ!» አሉት። ዶክተሩም ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። ነፍስ ያለው ነገር ነው፣ ያባቴ አንጎል ውስጥ ተቀምጧል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ራሳቸውን ባየሁ ቁጥር የማስበው እሱን ነው።

አሁን ግን በር አግኝተው እየወጡ ከሆነ ይውጡ! ደስ አለኝ። ውሃ አፍልቼ ጨው ጨመርኩ፣ ንጹሕ ጨርቅ ነክሬ ጫን ጫን አደረግኩት። ወጣ። ብዙ ወጣ። አባ ጥርሳቸውን ነክሰው «በርቺ» አሉኝ።

ትኩሳት፦ 38
የጠዋት ኪኒን፦ አልዋጡም
እጃቸው፦ ዛሬ አልዘለለም

ረቡዕ፣ ገብርኤል

ትኩሳት 38 ነጥብ 2። ጠዋትም ማታም ተጫንኩት። ማታ የወጣው ቀጭን ነው፣ እያለቀ ይመስለኛል።

ዛሬ ከቅዳሴ በኋላ ያየሁትን ልጻፍ፣ ጥፋቱ የኔ ነውና።

ሰው ከቤተ ክርስቲያን ሲወጣ መስቀል ይሳለማል። ቄሶቻችን ሁለት ናቸው፣ አባና መምሬ ካሳ። መምሬ ካሳ ጋ ሰልፉ እስከ ዋርካው ደረሰ። አባ ጋ ማንም የለም። መስቀላቸውን ይዘው ቆመዋል፣ ሰው ከሩቅ ጎንበስ እያለ ያልፋል። አንዲት እናት ልጇ ወደ አባ ሲሄድ በነጠላው ጎትታ መለሰችው። አባ አዩ። መስቀሉን ጋቢያቸው ውስጥ ከተው ወደ ቤት ሄዱ።

ለጎረቤታችን ለየሺ የነገርኳት እኔ ነኝ። ከአዲስ አበባ እንደመጣን ምንጭ ላይ «አባትሽን ምን አገኙባቸው?» ስትለኝ ሁሉን ነገርኳት፣ ፈርቼ ነበር፣ ለሰው ካልነገርኩ ልፈነዳ ነበር። እሷ ለሌላ ነገረች። አሁን አገሩ ሁሉ «ቄሱ ጭንቅላታቸው ውስጥ ትል አለ፣ በመስቀሉ ይተላለፋል» ይላል። ዶክተሩ እኮ አይተላለፍም ብሏል። ያን ስናገር ግን የሰማኝ የለም።

ለአባ እግራቸው ሥር ተንበርክኬ ተናዘዝኩ።

«ነገም እቀድሳለሁ» አሉ። «ከቀረሁ እውነት ነው ይላሉ።»

«ባይሻልዎትስ?»

«ከቀረሁ ደግሞ ቅዳሴው ይታጎላል። ሁለት ቄስ ሦስት ዲያቆን ካልሆነ አይቀደስም፣ አንቺስ ይሄን አጥተሽው ነው?»

አላጣሁትም። ያላጣሁት ሌላም ነገር አለ፣ እሱን ግን አፍ አውጥቼ አልጠየቅኳቸውም። ከገላው ደም ወይ መግል የሚፈሰው ቄስ መቅደስ አይገባም። የቄስ ልጅ ነኝ፣ ይሄን ከእንጀራ በፊት ነው የተማርኩት። ጥምጣሙን ለምን ለማንም እንደማያስነኩ የገባኝ ያኔ ነው።

ሐሙስ

ደወልሽ! ድንጋዩ ላይ ነበርኩ፣ እግዜር ይስጥሽ። ስልጠና ላይ ነበርኩ አልሽኝ፣ እኔ ደግሞ ጠልታኝ ነው ብዬ።

ሁሉን አነበብኩልሽ። «እየወጡ ነው» የሚለው ጋ ስደርስ አስቆምሽኝ። ያልሽውን እንዳልረሳ ወዲያው ጻፍኩት፦

የእጢው ባክቴሪያ ሌላ፣ የቁስሉ ሌላ።
የእጢው በዓይን አይታይም፣ አይፈስም፣ በቀዳዳ አይወጣም።
መግል ከመጣ ቁስሉ ተመርዟል።
ይሄኛው በመድኃኒት ይድናል። ከዘገየ ግን ከአጥንቱ አልፎ ወደ ውስጥ ይገባል።

ከዚያ «ተጭነሽዋል?» አልሽኝ። ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዬ አዞርኩት። «ብርቄ፣ ቁስሉን ተጭነሽዋል ወይ?» «ሁለት ጊዜ» አልኩሽ። ሦስት ጊዜ ነው። ሲስተር፣ ሦስት ጊዜ ነው፣ ዋሸሁሽ። «አብሽሪ፣ ከእንግዲህ አትንኪው፣ ነገ ጠዋት ይዘሻቸው ነይ» አልሽኝ። ቁልቁለቱን እንዴት እንደወረድኩት አላውቅም።

አባን «ነገ ከተማ እንሂድ» አልኳቸው። «ነገ ማርያም ናት» አሉ። ያልሽውን ሁሉ ነገርኳቸው፣ የእጢው ሌላ የቁስሉ ሌላ ነው አልኳቸው። «እሷ ልጅ ናት፣ እዚያ ሆና በስልክ ምን አየች? ሲወጣ ነው የሚሽር» አሉኝ። አክስቴም «መንገዱ ቢዘጋስ? ከተማ ብትቀሩስ?» አለች። አክስቴ የምትፈራው መንገዱን ነው። አባ የሚፈሩት ሆስፒታል ሲገቡ ሰው እንዳያይ ነው።

ትኩሳት፦ 38 ነጥብ 6
ምግብ፦ ምንም
እጃቸው፦ ሁለት ጊዜ ዘለለ

ዓርብ፣ ማርያም

አደረግኩት።

ቅዳሴው የሚገባው ስድስት ሰዓት ላይ ነው። አባ በአምስት ወጡ፣ ግድግዳ ግድግዳ ይዘው። እኔ በጓሮ ዞሬ ቀደምኳቸው። መምሬ ካሳ ደጀ ሰላሙ ላይ ተቀምጠው ዳዊት ይደግማሉ። እግራቸውን ሳምኩ።

«መምሬ፣ ከአባ ራስ መግል ይወጣል።»

ዳዊቱን አጠፉት። «አንቺ ልጅ፣ የምትዪውን ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ።»

«ያለፈውስ ሞቱ ብለሽ አልነበር?»

«ያን ይተዉት መምሬ። የዛሬውን ጥምጣሙን አስፈትተው አንቱው ይዩት።»

አባ ሲደርሱ መምሬ እጃቸውን ይዘው ከቤተልሔሙ ጀርባ ወሰዷቸው፣ ለቅዳሴ ኅብስቱ ከሚጋገርበት ቤት ጀርባ ማለቴ ነው፣ ሰው እንዳያይ። እኔ ጥጉ ላይ ቆምኩ። አባ አዩኝ። ሳይጠየቁ ራሳቸው ፈቱት።

መምሬ ካሳ ከአባ በዕድሜ ይበልጣሉ፣ «አንተ» ነው የሚሏቸው። «እንዲህ ሆነህ ስንት ቀን ገባህ?» አሏቸው።

«አልቆጠርኩትም።»

«ቆጥረኸዋል።»

አባ መሬት መሬት አዩ። «ከቀረሁ ይታጎላላ!»

«ይታጎል። እኔ ብቻዬን ቁሜ ውዳሴ ማርያም እደግምላቸዋለሁ። ወደ ነአኩቶ ለአብ ደብር ሰው እልካለሁ፣ ለነገ ቄስ ያውሱናል። አንተን የሚያውሰን ግን የለም።»

በማርያም ቀን ቅዳሴ ታጎለ። ሴቶቹ ያጉረመርማሉ፣ ማን ነገረ ማን ነገረ ይላሉ፣ የሺ እኔን እኔን ታያለች። መምሬ ካሳ በሰው ሁሉ ፊት ለአባ ጎንበስ ብለው «ባርከኝ» አሉ፣ መስቀላቸውንም በግንባራቸውም በአፋቸውም ተሳለሙ። ሁለት አሮጊቶች ተከተሏቸው። ሌላው አልመጣም። ሁለትም ሁለት ነው።

አባ እስከ ቤት አላናገሩኝም። ቤት ገብተን ቂጣ ስሰጣቸው «ከልጄ ጋራ አልበላም» አሉ። ኪኒኑን ግን ከእጄ ተቀብለው በውሃ ዋጡት። በሳምንቱ የመጀመሪያው የቀን ኪኒን ነው። ሌላው ቢቀር ይሄን አገኘሁ።

ነገ ይሄዳሉ፣ መምሬ ካሳ በሥልጣነ ክህነታቸው አዘዋቸዋል። ዛሬ ለመሄድ መሽቶብናል፣ ደወልኩልሽ፣ አልገባም።

ትኩሳት፦ 38 ነጥብ 9

ቅዳሜ

ጠዋት፦ ትኩሳት 39 ነጥብ 2። ሁለት ጊዜ አስመለሳቸው። አንገታቸው ወደ ታች አልታጠፍ አለ። በሩ ሲከፈት ብርሃኑ ያማቸዋል። በቅሎ ተዋስን፣ አስቀመጥናቸው፣ መቀመጥ አልቻሉም፣ አወረድናቸው።

አራት ሰዓት፦ አንቺ ጋ አይገባም፣ «አገልግሎት መስጠት አይችሉም» ይላል። አምቡላንሱ ጋ ደወልኩ። ያው ሾፌር ነው። «ቄሱን የገደልሽው አንቺ ነሽ?» አለኝ። አለቀስኩ። ሲሰማኝ ድምፁ ለስለስ አለ፣ «እህቴ፣ ነዳጅ በልክ ነው፣ መንገዱንም ታውቂዋለሽ። ሲስተር ራሷ ደውላ አምጣቸው ካላለችኝ አልወጣም። በእሷ ቃል እስከ ድልድዩ እመጣለሁ» አለ። ይሄው ነው። በእኔ ቃል አይመጣም፣ በአንቺ ቃል ይመጣል።

ሰባት ሰዓት፦ አባ ጠሩኝ። ከትናንት ወዲህ የመጀመሪያ ንግግራቸው ነው። «ያን ደብተር አምጪው» አሉ። ይቀድዱታል ብዬ ፈራሁ። «አንብቢልኝ» አሉ።

አነበብኩላቸው። የጥምጣሙን፣ የመስቀሉን፣ ሦስት ጊዜ የተጫንኩትን፣ ለመምሬ የነገርኩትን። ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙ። አለቀስኩ፣ ቀጥዪ አሉኝ፣ ቀጠልኩ። ስጨርስ «አሁን ደግሞ እኔ የምልሽን ጻፊ» አሉ። ያሉትን ነው የምጽፈው፦

መግሉ የጀመረው በየካቲት አቦ ነው። ዛሬ አሥራ ሰባት ቀኑ።
እጄ የዘለለው ሦስት ጊዜ አይደለም፣ ብርቄ ያላየቻቸው አራት አሉ። አንዱ መቅደስ ውስጥ ነው።
የጠዋት ኪኒን ከጾሙ በፊትም እተው ነበር፣ እንቅልፍ ያመጣብኛል።
ልጄ ስለተጫነችው አይደለም የባሰው፣ እሷ ሳታየው በፊት የባሰ ነበር።
ቄሱ ዋሽቷል ብለሽ ጻፊ።

«ይሄንስ አልጽፍም» አልኳቸው።

«ጻፊ። ዶክተሩ እውነቱን ካላወቀ በምን ያክመኛል?»

ጻፍኩት። ከዚያ «ማኅበርተኞቹ ከእነመቀመጫቸው ይቆዩ፣ ይሄኛውን ያስወጡልኝ» ብለው ፈገግ አሉ። ትንሽ ቆይተው ስሜ ጠፋቸው። እያዩኝ ስሜን ይፈልጋሉ። «ብርቄ ነኝ» አልኳቸው። «እሱማ» አሉ።

ዘጠኝ ሰዓት ተኩል፦ ድንጋዩ ላይ ነኝ። ከዚህ ቤታችን ይታየኛል። የቅሬው የዕድሩ ሰዎች መጥተዋል፣ ቃሬዛ አስረው ጨርሰዋል፣ ስምንት ሆነው ደጅ ተቀምጠዋል። የየሺ ባልም አለ፣ አልጠራሁትም፣ ራሱ ነው የመጣው። አምቡላንሱ ድልድዩ ድረስ ከመጣ በአንድ ሰዓት ጊዜ ውስጥ ያደርሷቸዋል። ካልመጣ እስከ ከተማ የአራት ሰዓት መንገድ ነው፣ ከመሸ ደግሞ ሰዓት እላፊ ነው፣ በዚህ መንገድ ማንም አይንቀሳቀስም፣ የሚሄድም የሚያሳልፍም የለም። መምሬ ካሳ «ፀሐይ ተራራው ላይ ስትደርስ ካላወቅን አንነሣም፣ ስምንት ሰው ይዤ አልጠፋም» ብለዋል። ልክ ናቸው።

አሥራ ሁለት ጊዜ ደውያለሁ። አሁን ይጠራል፣ ቅድም አይጠራም ነበር፣ አሁን ይጠራል ግን አይነሳም። ባትሪዬ ሁለት መስመር ቀርቶታል፣ ስለዚህ ከእንግዲህ አልደውልም፣ አንቺን ነው የምጠብቀው። ከድንጋዩ አልወርድም።

ሲስተር፣ ዛሬ እኔን ብቻ አይደለም የምታምኚው፣ እሳቸውም ተናግረዋል፣ ተጽፏል። ለሾፌሩ አንድ ቃል በዪው። ሳይመሽ ደውዪልኝ።